የሁለት ቁጥር ክፍል ትእዛዝ

አቶ ኃይሌ በሞቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሲስተር ፈቲሀ የገዛ እጇን ማመን አቁማ ነበር።

ሬሳው በሁለት ቁጥር ክፍል አልጋ ላይ በጀርባው ተኝቷል። ነጭ ጋቢ እስከ ትከሻው ተስቦ፣ የስኳር በሽታ ያቆሰለው ግራ እግሩ በፋሻ እንደተጠቀለለ ከግርጌ በኩል ወጣ ብሎ ይታያል። ከአልጋው አጠገብ የሟች ባለቤት መምህርት ማርታ ቆማለች። አታለቅስም። የሕክምና ካርዱን በሁለት እጇ ይዛ፣ የተማሪ ፈተና እንደምታርም ሁሉ በአውራ ጣቷ መስመሩን እየተከተለች ታነባለች።

«ስታት፤ ወዲያውኑ። ኤስሲ፤ ከቆዳ ሥር። ኢንሱሊን። አርባ።» ቀና ብላ ፈቲሀን አየቻት። «በቀን አሥራ ሁለት ለሚወስድ ሰው አርባ? አጠገቡ ደግሞ የ‹ተሰጥቷል› ምልክት አለ። አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ! አንቺው ነሽ ጽፈሽ የለጠፍሽው!»

ከዚያም ወደ ግድግዳው ዞራ ዝርዝሩን በአንድ ጊዜ ቦጭቃ ጣለችው።

ያ ዝርዝር የፈቲሀ ኩራት ነበር። ወልቂጤ በሚገኘው የዶክተር ኤፍሬም ክሊኒክ በተቀጠረች በሁለተኛው ወር፣ አስታማሚዎች በካርድ ላይ የሚጻፉትን አጫጭር ፊደላት ባዩ ቁጥር ፊታቸው እንደሚለዋወጥ አስተዋለች። ከእምድብር የመጣች አንዲት እናት «ኤንፒኦ» የሚለውን አይታ፣ ልጇን የያዘው ክፉ በሽታ ስም መስሏት እንባዋን ስታፈስ ውላለች፤ ትርጉሙ ግን «በአፍ ምንም አይሰጥ» ብቻ ነበር። በማግስቱ ፈቲሀ ካርቶን ገዝታ በጉልህ ጻፈች። «ቲአይዲ፦ በቀን ሦስት ጊዜ። ፒኦ፦ በአፍ። ፒአርኤን፦ ሲያስፈልግ። አርቢኤስ፦ የደም ስኳር መጠን። ስታት፦ ወዲያውኑ። ኤስሲ፦ ከቆዳ ሥር።» ሰው የሚፈራው ያልገባውን ነው፤ ከገባው ይረጋጋል ብላ ነበር። አሁን ካርቶኑ ተቀዶ እግሯ ሥር ወድቋል፤ ፍርሃቱም ሁሉ ወደ እሷ ዞሯል።

«እኔ አልሰጠሁም» አለች።

«ታዲያ ምልክቱን ማን አደረገው?» አለ ዶክተር ኤፍሬም። ከቡታጅራ የተመለሰው አሥር ሰዓት ላይ፣ ልክ ፈቲሀ የበሽተኛውን የደም ስኳር ለክታ አሥራ ዘጠኝ ብቻ ሆኖ ባገኘችው ጊዜ ነበር። ያለውን ግሉኮስ ሁሉ ሰጥቷቸው ነበር፤ ሰዓቱ ግን አልፏል። «እኔ ይህን አላዘዝኩም። በስልክም አላዘዝኩም። ሁላችሁም ስሙኝ፤ አላዘዝኩም።»

ፈቲሀ እጇን አየች። ሁለት ፈረቃ ደርባ ሠርታለች። ሰው ደክሞት የሠራውን ሊረሳ ይችል ይሆን? መርፌውን ስትሞላ፣ ስትወጋ፣ ምልክት ስታደርግ ለማስታወስ ሞከረች። የሚታያት ምንም ነገር የለም። ባዶነቱ ግን አላጽናናትም።

ፖሊስ የጠራችው ማርታ ናት።

ኢንስፔክተር መሰለች ስትደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። አጭር፣ ሞላ ያለች፣ ሃምሳ ዓመት የተሻገረች ሴት ናት፤ መነጽሯን የምትይዘው በአሮጌ የሕፃን ካልሲ ውስጥ ነው። ጡረታው የተቃረበው ሳጅን አዳነ ከኋላዋ ይከተላል። ሬሳውን ረጅም ጊዜ አየች፤ ካርዱን ደግሞ ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ። ገጹን ስትገልጥ ከእጥፋቱ የወጣ ነገር ጣቷ ላይ ተጣበቀ። በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አድርጋ በወረቀት ጠቀለለችው።

«ይህን ጽሑፍ የሚያነብልኝ ማን ነው?»

ሁሉም ወደ ፈቲሀ ዞሩ።

«ነርሷ አንቺ ነሽ? እንግዲያው ከአጠገቤ አትራቂ።»

ፈቲሀ ይህን የሰማችው እንደ እስር ትእዛዝ ነበር። ቢሆንም ተከተለቻት።

«እስቲ ንገሪኝ» አለች ኢንስፔክተሯ ኮሪደሩ ላይ። «ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት የሆነውን።»

«ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ቁስላቸውን አጠብኩ። መምህርት ማርታ ምሳ እያበሉዋቸው ነበር፤ ለሰባት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ወደ ትምህርት ቤት ተመለሱ። ስምንት ሰዓት ላይ አየኋቸው። ተኝተው ነበር። አሥር ሰዓት ላይ…»

«በመሀል ከክፍሉ ርቀሻል?»

«አልራቅኩም።»

ኢንስፔክተሯ መነጽሯን አውልቃ አየቻት፤ ቃሉንም ጻፈችው። ፈቲሀ የብዕሩን ጭረት ሰማች። የተጻፈ ነገር እንደማይጠፋ ከማንም በላይ ታውቃለች።

መድኃኒት ቤቱ ከክፍሉ ትይዩ ነው። ፋርማሲስቱ ሙንታሲር ፍሪጁን ከፍቶ ቆሟል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ስንት ብልቃጥ ኢንሱሊን አለህ?»

«ሦስት። ሁለቱ ማሸጊያቸው አልተነካም። ሦስተኛው ትላንት ተከፈተ፤ ምን ያህል እንደወጣ መዝገቡ ላይ አለ። ለክተው ማየት ይችላሉ።»

«ልክ ነው?»

«ልክ ካልሆነ እጄን ይቁረጡት።»

«እጅህን ምን አደርገዋለሁ፤ ሐኪሞች የሚጽፉልኝን የሚያነብልኝ ላጣ ነው?»

ሙንታሲር መሳቅ ፈልጎ አልቻለም። ዓይኑ ወደ ፈቲሀ ሄደ፤ ሲያዝንላት አየች። ማዘኑ ይበልጥ አስፈራት። የሚታዘንለት አንድም የሞተ ነው፤ አንድም የሚታሰር።

ልኬቱ ከመዝገቡ ጋር አንድ ሆነ።

ማርታ በተራዋ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ መለሰች። ቃሏ የተቆጠረ ነበር።

«ባለቤትሽ ቤት ሲሆን መርፌውን ማን ይወጋው ነበር?»

«ዓይኑ ደክሟል። እኔ እወጋዋለሁ፤ እኔ ከሌለሁ ወንድሙ ብርሃኑ። መድኃኒቱን እርጥብ አሸዋ ባለበት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ እናስቀምጠዋለን፤ ፍሪጅ የለንም። አዲስ ብልቃጥ ቅዳሜ ከፍቼ ነበር፤ እሁድ እዚህ ተኛ።»

«ሰሞኑን ያሳሰበው ነገር ነበር?»

«የፊታችን እሁድ በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፊት ቆሜ የምመሰክረው አለኝ ይል ነበር። ምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ‹ቀድሞ መስማት ያለበት ሌላ ሰው አለ› አለኝ።»

«ዛሬ ከምሳ በኋላስ?»

«በረደኝ አለኝ። ለብርሃኑ ደውዬ ከቤት ጋቢ አምጣለት አልኩት። ዘጠኝ ሰዓት ስመለስ ተኝቶ ነበር።» ወደ ፈቲሀ ጠቆመች። «ኢንስፔክተር፣ ይቺን ልጅ ለምን ከጎንሽ ይዘሽ ትዞሪያለሽ? የት እንዳለች ለማወቅ ነው?»

«አዎ» አለች ኢንስፔክተሯ። «የት እንዳለች ለማወቅ ነው።»

ብርሃኑ የመጨረሻው ነበር። ከሟች በአሥር ዓመት የሚያንስ፣ እጁ በብየዳ ፍንጣሪ የተጠባበሰ፣ ለስላሳ አነጋገር ያለው ሰው ነው። ወንድማማቾቹ በወልቂጤና በቡታጅራ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አላቸው። ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል።

«ስምንት ሰዓት ላይ ጋቢውን ይዤ መጣሁ። ተኝቶ ነበር፤ አለበስኩትና ሳልቀሰቅሰው ወጣሁ። ዘበኛውን ጠይቁት፤ በር ላይ ሰላም ብዬዋለሁ።»

ፈቲሀ ሰዓቱን በልቧ ደገመችው። ስምንት ሰዓት? እሷ ያንን ጋቢ ያየችው ሰባት ከሃያ ላይ ነው። ይህን ለመናገር ግን ሌላ ነገር መናገር ነበረባት። ሰባት ሰዓት ላይ ለቀትሩ የዙሁር ሰላት ወጥታለች። ክፍሉን ለማንም ሳታስረክብ፣ በጓሮ በኩል ባለችው መጋዘን ሃያ ደቂቃ ቆይታ ነው የተመለሰችው። ስትመለስ በሽተኛው በነጭ ጋቢ ተሸፍነው ተኝተው ነበር፤ ሰው ግን አልነበረም። «አልራቅኩም» ብላ አስጽፋለች። አሁን ርቄያለሁ ብትል ውሸታም ናት፤ የሰው ሕይወት ጥላ የሄደች ነርስ ናት። ፈቃዷ ይነጠቃል። ቡታጅራ ያለችው እናቷ ከሰው አፍ ትሰማለች። አንገቷን ደፋች።

ኢንስፔክተሯ ግን ወሬ ቀይራ ነበር።

«አቶ ብርሃኑ፣ በሐዘንዎ ላይ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የመኝታ ቤቴ መስኮት ፍርግርግ ያስፈልገዋል። ሌባ ፖሊስም ቤት ይገባል። ለቅዳሜ ይደርሳል? ዘጠና በመቶ ሃያ ነው፤ ጠንካራ ቱቦላሬ ብረት፣ ብሎን ሳይሆን በብየዳ።»

ብርሃኑ ትንሽ ግራ ተጋባ። የሥራ ልማድ ግን ከሐዘን ይቀድማል፤ ከደረት ኪሱ ደብተር አውጥቶ፣ አራት መስመር ጽፎ፣ ወረቀቱን ቀዶ ሰጣት። ፈቲሀ ከትከሻዋ በላይ አየችው። ከላይ «ቅዳሜ»፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት። ቀጥሎ «በብየዳ»። ቀጥሎ «ቱቦላሬ»። መጨረሻ «90 በ120»፣ በሳጥን የተከበበ።

«እንዲህ ነው የምትጽፉት?»

«ለሠራተኞቹ ነው። መጀመሪያ ለመቼ እንደሚደርስ ካላዩ ሥራው ይቆያል።»

«ጥሩ ዘዴ ነው» ብላ ወረቀቱን ደብተሯ ውስጥ አስገባችው። ይህቺ ሴት፣ ሰው በሞተበት ሰዓት ስለ መስኮቷ የምታስብ ሴት ናት እጣዬን የምትወስነው ብላ ፈቲሀ አሰበች።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ፈቲሀ ከሁሉም ቀድማ መጣች። ኢንስፔክተሯ የክሊኒኩ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ካርዱን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ትገልጣለች። ሬሳው ለምርመራ ተወስዷል።

«ቁጭ በይ። ሃያ ሦስት ትእዛዝ ቆጠርኩ። ይህን አንብቢልኝ።»

«ኢንሱሊን፣ አሥራ ሁለት፣ ኤስሲ፣ ጠዋት።»

«ይሄኛውስ?»

«ፓራሲታሞል፣ አንድ ግራም፣ ፒኦ፣ ፒአርኤን።»

«ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል ነው?»

«አዎ። መድኃኒቱ፣ መጠኑ፣ በየት እንደሚሰጥ፣ መቼ እንደሚሰጥ። እንቅልፍ ላይ ሆነን እንኳን እንደዚህ ነው የምንጽፈው። ከሰጠን በኋላ ምልክት እናደርጋለን፤ የስማችንን ሁለት ፊደልም እንጨምራለን።» ይህን ስትል ራሷን ሰማች። ትላንት በድንጋጤ ያላየችው ነገር በቀስታ ታያት። ስለዚያች መስመር ግን ኢንስፔክተሯ አልጠየቀቻትም።

«ትላንት የዋሸሽኝን ዛሬ ትነግሪኛለሽ?»

ፈቲሀ ደነገጠች። «እንዴት አወቁ?»

«ብርሃኑ ‹ስምንት ሰዓት› ሲል ፊትሽ ካርቶን መሰለ። አንዴ ደግሞ ከዚያ በፊት ‹ርቀሻል ወይ› ስልሽ። ልጄ፣ ፈሪ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ ቢሆን እስር ቤት አይበቃንም ነበር።»

ከአስፋልቱ ማዶ ሚኒባስ ረዳት «አታት! አታት! እምድብር!» ይጣራል። ፈቲሀ ያንን ድምፅ እየሰማች፣ መንገደኛ ሆና መሄድ ተመኘች። ከዚያ ተናገረች። ሰላቱን፣ ሃያ ደቂቃውን፣ ባዶውን ክፍል፣ ጋቢውን።

«ይህን ሳትነግሪኝ ብትቀሪ ጽሑፉ ብቻ ነበር የሚኖረኝ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሌላስ? በሽተኛው ያሉሽ ነገር?»

«ረቡዕ ዕለት ጫማ መቼ ማድረግ እንደምችል ንገሪኝ አሉኝ። ቸሃ፣ መኪና የማይገባበት ቦታ፣ ወይዘሮ ወርቅነሽ የሚባሉ እናት ቤት በእግሬ መሄድ አለብኝ አሉ። ይቅርታ የሚጠየቀው ቁጭ ተብሎ በስልክ አይደለም አሉኝ።»

ኢንስፔክተሯ ከደረጃው ሥር ወደቆመው ሳጅን አዳነ ዞረች። ሽማግሌው ፖሊስ ስሙን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ።

«አውቃታለሁ» አለ። «የይድነቃቸው እናት ናት።»

አራት ሰዓት ላይ ሁሉም በሁለት ቁጥር ክፍል ተሰበሰቡ። አልጋው ባዶ ነው። ማርታ በወንበር፣ ብርሃኑ ከኋላዋ ቆሞ፣ ዶክተሩና ሙንታሲር መስኮቱ ስር። ፈቲሀ በሩን ተደግፋለች። ግድግዳው ላይ ካርቶኑ የተቦጨቀበት ነጭ ቦታ ይታያል።

«ከደሙ ልጀምር» አለች ኢንስፔክተር መሰለች። «ዶክተር፣ አርባ ብቻ ቢሆን እንዲህ ይሆን ነበር?»

«ይጎዳል። ነገር ግን ያ ሁሉ ግሉኮስ ተሰጥቶ ስኳሩ አልነሣ ያለው፣ የገባው ከአርባ እጅግ ስለሚበልጥ ነው።»

«ስለዚህ ካርዱ የተደረገውን አይናገርም። የጻፈው ሰው አርባን የመረጠው ለንባብ ነው። ሁለተኛ፣ የክሊኒኩ ኢንሱሊን አንድ ጠብታ አልጎደለም። ሙንታሲር፣ እጅህ ተርፎልሃል።» «መድኃኒቱ ከውጭ ገባ ማለት ነው። ከዚህ ካርድ እጥፋት እርጥብ አሸዋ አገኘሁ። ሳጅን አዳነ ትላንት ማታ በመምህርት ፈቃድ ከቤታቸው ማሰሮውን አመጣ። ቅዳሜ የተከፈተው ብልቃጥ አንድ ቀን ብቻ ተወስዶበት ግማሹ የለም።»

ማርታ ቀና አለች። «ማሰሮውን የምናውቀው እኔና…» አለችና ቆመች።

«ቆይ፤ አልደረስንም። ወደ መስመሯ እንሂድ።» ካርዱን ከፍታ ያዘች። «እዚህ ሃያ ሦስት ትእዛዝ አለ። ሃያ ሁለቱ ከመድኃኒቱ ይጀምራሉ፤ መጠን፣ መንገድ፣ ጊዜ ይከተላሉ። እያንዳንዱ ምልክት አጠገብ የነርስ ሁለት ፊደል አለ። ይህቺ አንዲት መስመር ግን ተገልብጣለች። ጊዜ፣ መንገድ፣ መድኃኒት፣ መጠን። ፊደልም የላትም። ሐኪም፣ ነርስ ወይም ፋርማሲስት እንዲህ አይጽፍም፤ እንደ አረማመድ ነው፣ ቢሸሽጉትም ይታወቃል።»

ፈቲሀ ትንፋሿን ሳታስበው ለቀቀችው። እጇ የእሷ እንደሆነ ታወቃት። ፍርሃቷ ግን አልሄደም፤ ከእሷ ላይ ተነስቶ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ቦታ ፈለገ።

«ቃላቱ ከየት መጡ? ስታትም ኤስሲም እዚያ ከነትርጉማቸው ተሰቅለው ነበር» ብላ ወደ ነጩ ቦታ ጠቆመች። «ለምንስ ተጻፈች? ባለሙያ አይታለልባትም። የተጻፈችው ባለሙያ ላልሆነ፣ ግን ዝርዝሩን ላጠና ሰው ነው። አንቺ እንድታነቢያት ነው የተጻፈችው መምህርት። አንብበሽ እንድትጮሂ፣ ጩኸትሽም ወደዚህች ልጅ እንዲያመለክት።»

የማርታ እጅ ጉልበቷ ላይ ተጨበጠ።

«አሁን መስኮቴ ጋ ደረስን።» ኢንስፔክተሯ ከደብተሯ የተቀደደውን ወረቀት አውጥታ ከካርዱ ጎን አስቀመጠች። «ቅዳሜ፤ በብየዳ፤ ቱቦላሬ፤ ዘጠና በመቶ ሃያ። ስታት፤ ከቆዳ ሥር፤ ኢንሱሊን፤ አርባ። ለመቼ፣ እንዴት፣ በምን፣ ስንት። እዚህም እዚያም የመጀመሪያው ቃል ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። እዚህም እዚያም ቁጥሩ በሳጥን ተከቧል። አቶ ብርሃኑ፣ ቃሉን ከግድግዳው ወሰዱ፤ አጻጻፉን ግን ከወርክሾፕዎ ይዘው መጡ።»

«የብዙ ሰው አጻጻፍ ይመሳሰላል» አለ ብርሃኑ፤ ለስላሳው ድምፁ ደርቋል። «እኔ የመጣሁት ስምንት ሰዓት ነው። ዘበኛው አይቶኛል።»

«አይቶዎታል። ፌስታል ይዘው ነበር ብሏል። በፌስታሉ ውስጥ ምን ነበር?»

«ጋቢው።»

ኢንስፔክተሯ ፈቲሀን አየቻት። ሌሎቹም ተከትለው ዞሩ። ፈቲሀ ሁሉም ሊሰማው ነው ብላ የፈራችው ሰዓት ይኸው ነበር።

«ሰባት ሰዓት ላይ ለሰላት ወጥቼ ነበር» አለች። «ለማንም አላስረከብኩም። ጥፋቴ ነው። ስመለስ ሰባት ከሃያ ነበር። ስወጣ የክሊኒኩን ብርድ ልብስ ብቻ ነበር የለበሱት። ስመለስ ጋቢው ላያቸው ላይ ነበር።»

«ትዋሻለች! ራሷን ለማዳን…»

«ራሷን ለማዳን ቢሆን አልወጣሁም እንዳለች ትቀር ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «በጓሮው በር ገብተው፣ መምህርትም ነርሷም በሌሉበት ወንድምዎን ወጉ። እጃቸውን ዘረጉልዎ፤ ቤት ሲወጓቸው ለምደዋል። ጻፉ፣ ወጡ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ባዶ ፌስታል ይዘው በዋናው በር ተመለሱ። ሁሉንም አስበው ነበር። አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። ያንን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ጋቢውን ለምን አለበሷቸው? ይዘውት ቢወጡ ኖሮ…»

ብርሃኑ ወለሉን አየ።

«በረደኝ አለኝ» አለ።

ማርታ አልጮኸችም። ከተቀመጠችበት ተነሥታ፣ ከእሱ ራቅ ብላ ግድግዳው ጋ ቆመች።

የቀረውን ሳጅን አዳነ ጀመረ፤ የጎደለውን ብርሃኑ ሞላ። ከአምስት ዓመት በፊት ቡታጅራ ወርክሾፕ ውስጥ ይድነቃቸው የሚባል በያጅ ኤሌክትሪክ ይዞት ሞተ። ሽቦው መላጡን ብርሃኑ ያውቅ ነበር፤ ሥራው ለነገ ይደርሳል ተብሏልና ቀጥል አለው። ኃይሌ ወንድሙን ለማዳን «ልጁ ሳይፈቀድለት ነው የነካው» ብለው ለፖሊስ ቃል ሰጡ። ያንን ቃል የጻፈው አዳነ ራሱ ነው። እግራቸው ሲቆስልና ሞት ሲታያቸው ግን ዝም ማለት አቃታቸው። መጀመሪያ ለእናትየው፣ ከዚያ በሽማግሌ ፊት፣ እሁድ ደግሞ በጉባኤ ሊናገሩ ቆረጡ።

«ለመንኩት» አለ ብርሃኑ፣ እጁን ለካቴና ሲሰጥ። «ጫማ እስካደርግ ነው የምጠብቀው አለኝ።»

ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ፈቲሀና ማርታ ብቻ ቀሩ። ፈቲሀ ቃሏን እንደገና እንድትሰጥ አዲስ ወረቀት ተሰጥቷታል። መጻፍ ጀምራ ብዕሩ ቆመ። ማርታ ከወለሉ ላይ የካርቶኑን ቁራጮች ሰብስባ መጥታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ የምትጠይቅም አትመስልም ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «እውነቱን ንገሪኝ። ስምንት ሰዓት ላይ በሙቀት መመዝገቢያው ወረቀት አንድ ነገር ጽፈሽ ነበር። ትላንት አይቼዋለሁ። እዚህ ዝርዝር ላይ የለም። ምን ይላል?»

ፈቲሀ የምትፈራው ጥያቄ ይህ ነበር። ከፖሊሱም፣ ከዳኛውም፣ ከፈቃዷም በላይ። ባለሙያ ብቻ የሚያውቀው አጭር ጽሑፍ ነው፤ ሌላ ነገር ነው ብትላት ማንም አያውቅባትም ነበር።

«‹ተኝቷል› ይላል» አለች። «ግን አልነበሩም። ያኔ ራሳቸውን ስተው ነበር። እጃቸውን ይዤ ብቀሰቅሳቸው ኖሮ አውቅ ነበር። ደክሞኝ ነበርና በር ላይ ሆኜ አይቼ ጻፍኩ።»

ማርታ የካርቶኑን ቁራጮች ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ አገጣጠመች፤ «ስታት» ከ«ወዲያውኑ»፣ «ኤስሲ» ከ«ከቆዳ ሥር»።

«እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባሁ» አለች በመጨረሻ። «ይተኛ ብዬ በእግሬ ጣት ነበር የተራመድኩት። ጋቢው ከትከሻው ወርዶ ነበር፤ ሳብ አድርጌ አለበስኩት። እንዳይነቃብኝ ቀስ ብዬ።»

ፈቲሀ እንባዋን መያዝ አልቻለችም። ማርታም ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ከዚያ ፈቲሀ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። ሰባት ሰዓት ላይ የት እንደነበረች ጻፈች። ስምንት ሰዓት ላይ ያላደረገችውን ጻፈች። አንድም አጭር ፊደል አልተጠቀመችም። ከታች፣ በየቀኑ ሁለት ፊደል በምታስቀምጥበት ቦታ፣ በገዛ እጇ ሙሉ ስሟን አሰፈረች፦ ፈቲሀ ሙሀመድሰይድ።